ታዳሚ የማይገባበት አዳራሽ፦ ስለ ፖሊን ኦሊቬሮስ «ዲፕ ሊስኒንግ» ሲዲ

ባዶ በርሜል ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ያልጮኸ የሠፈር ልጅ ያለ አይመስለኝም። በእኛ ጊዜ የብረት በርሜል ነበር፤ ከእኛ በኋላ የመጡት ልጆች ደግሞ ውሃ ያለቀበትን ሮቶ ክዳን ከፍተው ስማቸውን ሲጠሩበት አይቻለሁ። ድምፃችን ወፍሮና ረዝሞ ሲመለስ ደስ ይለን የነበረው፣ የተጣራነው እኛው ሆነን ሳለ የመለሰልን ሌላ ሰው ስለሚመስለን ነው። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ፖሊን ኦሊቬሮስ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ሆና የሠራችው «ዲፕ ሊስኒንግ» በመሠረቱ የዚሁ ጨዋታ የአዋቂዎች መልክ ነው ብል ሥራውን እያቃለልኩት አይደለም። ልዩነቱ በርሜሉ 2 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 7.5 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውሃ የሚይዝ መሆኑና፣ ወደ ውስጡ የወረዱት ሦስት ሰዎች አንድ ድምፅ ካወጡ በኋላ ታግሠው መጠበቅን የሚያውቁ ሙዚቀኞች መሆናቸው ነው።

ቀረጻው የተደረገው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1988 በዋሽንግተን ግዛት፣ ፖርት ታውንሴንድ በምትባለው የወደብ ከተማ በሚገኘው ፎርት ዎርደን ነው። ፎርት ዎርደን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከሌሎች ሁለት ምሽጎች ጋር ሆኖ ወደ ፑጄት ሳውንድ የሚያስገባውን የባሕር መተላለፊያ በመድፍ እንዲጠብቅ የተገነባ የጦር ምሽግ ሲሆን፣ ወታደራዊ አገልግሎቱ በ1953 አብቅቶ ዛሬ የግዛቱ መናፈሻ ሆኗል። ለምሽጉ ውሃ ያጠራቅም የነበረው ክፍል ከመሬት በታች የተቀበረ ሲሆን፣ ጣሪያው ዝቅ ያለና በአምዶች የተደገፈ፣ ግድግዳውም ወለሉም ጣሪያውም ኮንክሪት የሆነ ጨለማ ቤት ነው። የሚገባበት በር የለውም፤ እንደ ማንሆል ባለ ቀዳዳ በመሰላል ይወረዳል። ኦሊቬሮስ አኮርዲዮኗን፣ በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ስቱዋርት ዴምፕስተር ትሮምቦኑንና የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች መሣሪያ የሆነውን ዲጄሪዱ፣ ፓናዮቲስ ደግሞ ድምፁንና ጥቂት ብረታ ብረት ይዘው በዚያ ቀዳዳ ወረዱ። ዴምፕስተር የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሳይቀር ይዞ ገብቶ ነፍቶበታል። ሥራው በ1989 ኒው አልቢየን በተባለው የሳን ፍራንሲስኮ አሳታሚ አማካይነት በሲዲ ወጣ፤ ከዓመታት በኋላ በሸክላም ታትሟል። «ጥልቅ ማዳመጥ» የሚለው ርዕስ ቀልድም አለበት፤ ጥልቀቱ የአድማጩ ልቡና ብቻ ሳይሆን የጉድጓዱም ነውና። ይህ በቀልድ የተጀመረ ስም በኋላ የቡድኑ መጠሪያ፣ ቀጥሎም ኦሊቬሮስ በ2016 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ያስተማረችው የማዳመጥ ልምምድ ስም ሆነ።

ይህ ማጠራቀሚያ በሙዚቀኞች ዘንድ የሚታወቀው በአንድ ቁጥር ነው፤ እርሱም 45 ሰከንድ ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። የገደል ማሚቶ ማለት ድምፅ ከሩቅ ግድግዳ ወይም ገደል ላይ ተላትሞ፣ ለጆሯችን ራሱን ችሎ በሚሰማ ልዩነት ዘግይቶ ሲመለስ ነው፤ «አበበ!» ብለን ስንጣራ «አበበ!» ብሎ የሚመልሰው ማለት ነው። የስቱዲዮ ሰዎች «ሪቨርብ» የሚሉት ግን ሌላ ነው። ድምፁ በብዙ ሺህ አቅጣጫ ተላትሞ የሚመለሰው አንዱ ከሌላው በማይለይበት ፍጥነት ስለሆነ፣ የምንሰማው ድግግሞሽ ሳይሆን ቀስ እያለ የሚከስም አንድ ቅሪት ነው። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ፣ ማለትም ጉልበቱ አንድ ሚሊዮንኛ እስኪሆን ድረስ በሚወስደው ጊዜ ነው። አንድ ተራ ሳሎን ይህን በግማሽ ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል፤ ከዓለም ምርጥ የሙዚቃ አዳራሾች አንዱ የሚባለው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በሰው ሲሞላ 1.9 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ዴምፕስተር እ.ኤ.አ. በ1976 በፈረንሳይ አቪኞን ከተማ፣ በጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ትሮምቦኑን ብቻውን ሲቀርጽ ቅሪቱ 14 ሰከንድ ነበር፤ ያኔ ይህ እንደ ተአምር ታይቶ ነበር። የፎርት ዎርደኑ ከዚያ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር እንደሚጓዝ ካሰብን፣ ከትሮምቦኑ አፍ የወጣ አንድ ድምፅ ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት በዚያ የታፈነ ክፍል ውስጥ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሲመላለስ ይቆያል ማለት ነው።

ሲዲውን ከገዛሁ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳዳመጥኩት አልቆጠርኩም፤ ነገር ግን ሥራውን በትክክል የተረዳሁት ካዳመጥኩት ሁሉ ይልቅ አንድ ማታ እርሳስና ወረቀት ይዤ ጥቂት ስሌት የሠራሁ ዕለት ነው። የሕንፃ ድምፅ ጥናት አባት የሚባለው ዋላስ ሴቢን በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሩ የሚናገረው የማይሰማበትን አንድ የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ሴቢን ከአጠገብ ካለ ቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶችን በሌሊት እያስመጣ ይደረድርና፣ አንድ የኦርጋን ቧንቧ አስጩኾ ሲያበቃ ድምፁ እስኪጠፋ በእጁ በያዘው ሰዓት ይቆጥር ነበር። ከዚህ ያገኘው ሕግ ቀላል ነው፤ ቅሪቱ በክፍሉ ስፋት ልክ ይረዝማል፣ ድምፅ በሚመጥጠው ነገር ብዛት ልክ ያጥራል። ድምፅ የመምጠጥን አቅም የለካውም በክፍት መስኮት ነው፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና። የክፍሉን ስፋት በሜትር ኩብ ወስደን በ0.161 አባዝተን ለ45 ሰከንድ ስናካፍል፣ ያ ግዙፍ ማጠራቀሚያ ከነአምዶቹና ከነወለሉ በጠቅላላ የሚመጥጠው ድምፅ ከ27 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ብዙም የማይበልጥ ሆኖ እናገኘዋለን። በእርግጥ ይህ የወረቀት ግምት ነው፤ ዝቅ ባለና በተንጣለለ ክፍል ውስጥ ሕጉ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ ቢሆንም ነገሩን ለማሳየት ይበቃል።

ልብስ የለበሰ አንድ ሰው እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ቢለያይም ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ድምፅ ይመጥጣል። እንግዲህ ወደዚያ ጉድጓድ 54 ታዳሚ ብናስገባ ሰዎቹ ብቻቸውን 27 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ 45 ሰከንድ የነበረውም ወደ 22 ይወርዳል። ሁለት መቶ ብናስገባ ከአሥር ሰከንድ በታች ይሆናል። ሦስቱ ሙዚቀኞች እንኳ በመውረዳቸው ብቻ ሁለት ሰከንድ ያህል ሳይቀንሱበት አልቀሩም። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ይህ ሙዚቃ ሊሰማው የመጣ ሰው በበዛ ቁጥር ራሱ የሚጠፋ ሙዚቃ ነው። ስለ ኮንሰርት ቀረጻ ስንናገር ሁልጊዜ «እዚያው ተገኝቶ የሰማው ይበልጣል፤ ዲስኩ ማስታወሻ ነው» እንላለን። እዚህ ግን አባባሉ ይገለበጣል፤ የዚህ ሥራ እውነተኛ ታዳሚ ቦታ ጉድጓዱ አይደለም፣ ከዲስኩ ፊት ያለው ወንበር ነው። ስለ ዲስኩ የማነሣቸው ምስጋናዎችም ቅሬታዎችም ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዓል በዋለ ዕለት ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የቆመ ሰው ከእግሩ በታች ምንጣፍ፣ ከፊቱ የመቅደስ መጋረጃ፣ በዙሪያው ደግሞ በነጠላና በጋቢ የተሸፈነ ሕዝብ አለ። ከዚህ የበለጠ ድምፅ የሚመጥጥ ቤት በፋብሪካ ይሠራል ብዬ አልገምትም። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ዜማችን በየፊደሉ ላይ የሚተጣጠፈውን ያን ሁሉ ጌጥ ሊሸከም የቻለው፤ በ45 ሰከንድ ቅሪት ውስጥ አንድ የአራራይ ሐረግ ብትዘም ከሦስተኛው ፊደል በኋላ የሚሰማው ጉም ብቻ ነበር። ኦሊቬሮስና ባልደረቦቿ ጌጡን ሁሉ ጥለው ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ ድምፆችን ብቻ የመረጡት በምናኔ አይደለም፤ ቤቱ ሌላ ስለማይፈቅድ ነው።

ሁለተኛው ስሌት ይበልጥ አስደነቀኝ። በማንኛውም ክፍል ውስጥ ከመሣሪያው በቀጥታ የሚመጣው ድምፅና ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ እኩል የሚሆኑበት ርቀት አለ፤ ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን፣ ከዚያ ወዲያ ክፍሉን እንሰማለን። በፎርት ዎርደን ይህ ርቀት ድምፁን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ለሚበትን መሣሪያ 75 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አኮርዲዮን ታቅፋ የተቀመጠች ሴት የራሷን መሣሪያ የምትሰማው በክንዷ ርዝመት ውስጥ ብቻ ነው፤ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመ ባልደረባዋ ግን ከእርሷ ይልቅ ቤቱን ይሰማል። ትሮምቦን በአፉ አቅጣጫ ጉልበቱን ስለሚሰበስብ ትንሽ ይርቃል፤ ነገሩን ግን አይለውጠውም። በዚያ ክፍል ውስጥ «ከወዲያ በኩል መጣ» የሚባል ድምፅ የለም፤ ሁሉም ከሁሉም ቦታ ይመጣል። ስለዚህ ሦስቱ ሰዎች የሚጫወቱት እርስ በርስ እየተሰማሙ ሳይሆን፣ ሦስቱም በየፊናቸው ከአራተኛው ሙዚቀኛ፣ ከቤቱ ጋር እየተነጋገሩ ነው።

ይህን ለመፈተን አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ የመጡትን መሪጌታ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ክፍል አሰማኋቸው። ጆሯቸው በአርባ ዓመት ማኅሌት የተሞረደ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ «መሪው የታለ?» አሉኝ። ስንት ሰው እንደሰሙ ስጠይቃቸው በጣታቸው ቆጥረው ሰባት ደረሱ። «ሦስት ናቸው» ስላቸው አላመኑኝም፤ «እስቲ ከመጀመሪያው መልሰው» ብለው ሁለተኛውን ጊዜ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ከሰባቱ አራቱ አሁን የሚነፉ ሳይሆኑ ከግማሽ ደቂቃ በፊት ተነፍተው ገና ያልሞቱ ነበሩ። «ይሄ ማታለል ነው» አሉ በመጨረሻ፤ በአነጋገራቸው ግን ቅሬታ አልነበረበትም።

ስለ ቅኝቱ ካልተናገርኩ ዋናውን ነገር መዝለሌ ነው። ፒያኖና ተራ አኮርዲዮን የሚቃኙት በየትኛውም መነሻ መጫወት እንዲያስችሉ ተብሎ በየቦታው ጥቂት ጥቂት በተዛነፈ ቅኝት ነው። መዛነፉ ትንሽ ስለሆነና ድምፁም ቶሎ ስለሚያልፍ አይታወቀንም። የኦሊቬሮስ አኮርዲዮን ግን በንጹህ ቅኝት፣ ማለትም ድምፆቹ እርስ በርሳቸው እንደ 3 ለ 2 ወይም እንደ 5 ለ 4 ባለ ቀላል የቁጥር ንጽጽር እንዲቆሙ ተደርጎ የተቃኘ ነው። ለምሳሌ በሰከንድ 110 ጊዜ ከሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ጋር የ5 ለ 4 ጓደኛው 137.5 ጊዜ ይርገበገባል፤ በፒያኖ ቅኝት ግን ይኸው ድምፅ 138.6 ገደማ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ሆኖም በሁለቱ ድምፆች ውስጥ የተሸሸጉት ቀጫጭን ድምፆች ሲገናኙ በሰከንድ ከአራት ጊዜ በላይ የሚወዛወዝ ድምፅ ይፈጥራል። በሳሎን ውስጥ ይህ ውዝዋዜ ጣት ከቁልፉ ሲነሣ አብሮ ይጠፋል። በማጠራቀሚያው ውስጥ ግን ስሕተቱ አርባ ሰከንድ ይከተልሃል፤ በላዩ የምትጨምረውም ድምፅ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይጋጫል። «ያፈሰሱት ውሃ አይታፈስም» የሚለው ተረት እዚያ ታች ቃል በቃል እውነት ነው። ስለዚህ ንጹሁ ቅኝት ለዚህ ሥራ የፍልስፍና ጌጥ ሳይሆን እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ያለ እርሱ ሁሉም ነገር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ጩኸት ይቀየር ነበር። ሲዲውን ስታዳምጡ ድምፆቹ ሲደራረቡ እንደማይጠቁሩ፣ ይልቁንም እየነጡ እንደሚሄዱ ልብ በሉ።

አኮርዲዮን ለእኛ ሰው ከኃይሉ መርጊያ ጣቶች ጋር የተያያዘ፣ ናፍቆት የሚናገር መሣሪያ ነው። ኦሊቬሮስ በ1932 ሂዩስተን ተወልዳ መሣሪያውን ከእናቷ ያገኘች ሲሆን፣ የአካዳሚው ዓለም የሠርግና የመጠጥ ቤት ዕቃ አድርጎ ሲንቀው እርሷ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ይዛው ዘልቃለች። በ1953 እናቷ የቴፕ መቅረጫ ሲሰጧት ማይክሮፎኑን መስኮት ላይ አስቀምጣ ቀረጸች፤ መልሳ ስትሰማው እዚያው ተቀምጣ ሳለ ጆሮዋ ያለፈውን ድምፅ ማሽኑ ይዞት አገኘች። በ1960ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ የቴፕ ሙዚቃ ማዕከል ከሁለት ማሽኖች መካከል ክር ዘርግታ፣ አንዱ የቀረጸውን ሌላው ዘግይቶ እንዲያሰማ እያደረገች የሠራቻቸው ሙዚቃዎች የዚህ ሲዲ አያቶች ናቸው። ያን ጊዜ በቴፕ ስትፈልገው የነበረውን መዘግየት ከሃያ ዓመት በኋላ ኤሌክትሪክ በሌለበት ኮንክሪት ውስጥ አገኘችው።

ሲዲው አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው «ሊር» 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ለእኔ ሌላ ምንም ባይኖር ይህ ብቻ ለሲዲው ዋጋ ይበቃል። ዲጄሪዱው ከሥር እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ይንከባለላል፤ አኮርዲዮኑ በላዩ አንድ ድምፅ ያስቀምጥና ይተወዋል፤ ትሮምቦኑ ይህን የተተወ ድምፅ መጀመሪያው በማይታወቅ አነሣስ ይቀበለዋል። ዴምፕስተር ድምፅ ሲጀምር ከንፈሩ ከመሣሪያው ጋር የተገናኘበትን ቅጽበት መለየት አይቻልም፤ ስንሰማው ድምፁ ቀድሞም ነበረ። በተለይ የምወደው ሦስቱም በአንድነት የሚያቆሙበትን ጊዜ ነው። ማንም ሰው ምንም ሳያደርግ ሙዚቃው ይቀጥላል፤ መጀመሪያ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይረግፋሉ፤ አየሩ ራሱ እነርሱን ቀድሞ ይመጥጣቸዋልና፤ ከዚያ መካከለኞቹ ይሳሳሉ፤ በመጨረሻ የዲጄሪዱው ወፍራም ሽታ ብቻ ይቀራል። «ሽታ» ያልኩት በስሕተት አይደለም፤ ዕጣን የጤሰበት ቤት በማግሥቱ ሲገባበት እንደሚሸት ያለ ነው።

«ሱይረን» የተባለው ሁለተኛው ክፍል በሰው ድምፅ የተሠራ ነው። ብዙ አድማጭ ይህን ከሁሉ አስበልጦ ይወደዋል፤ እኔ ግን ትንሽ ያሳስበኛል። የሰው ድምፅ በረጅም ቅሪት ውስጥ ሲገባ ሳይለፋ ቅዱስ ይመስላል፤ ቤቱ ቅድስናን በነጻ ያድላል፤ ሙዚቀኞቹም እዚህ ላይ ስጦታውን ያለ ክርክር የተቀበሉ ይመስለኛል። «ሊር» ውስጥ ያለው ጥርጣሬና ጥንቃቄ እዚህ የለም። «አዮኒ» መልሶ ወደ መሣሪያዎቹ ይወስደናል፤ ረጅም ነው፣ መካከሉ ላይ ይላላል፤ መጨረሻው ግን ይካሳል። «ናይኪ» የሚለው የመዝጊያ ክፍል ብረታ ብረት የሚሰማበት፣ የሻከረና የሚያስፈራ ሲሆን፣ ለስለስ ያለ ነገር ፈልገው ሲዲውን የሚገዙ ሰዎች የሚያማርሩት በእርሱ ነው። በእኔ ግምት ግን ክፍሉ ያስፈልጋል፤ ብረት ሲመታ ድምፁ በድንገት ስለሚነሣ ቤቱን እንደ መብራት ያበራዋል። ሌሎቹ ክፍሎች የደበቁትን የግድግዳ ጥንካሬ የምንሰማው እዚህ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው ልመለስ። ይህ ሥራ በሁለት ቻናል የተቀረጸ ነው። በማጠራቀሚያው ውስጥ ድምፅ ከኋላም፣ ከላይም፣ ከእግር ሥርም ይመጣል፤ ሁለት ድምፅ ማጉያ ግን ከፊት ለፊት ብቻ ነው ያለው። ሲዲው የቦታውን ጊዜ በሚገባ ይዟል፤ መክበቡን ግን ሙሉ በሙሉ አልያዘም። ሰምቼ ስጨርስ 45 ሰከንዱን እንደማውቀው ይሰማኛል፤ በውስጡ ቆሜ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። በ1988 ሌላ አማራጭ ብዙ አልነበረም፤ ስለዚህ ይህ ጥፋት ሳይሆን ጉድለት ነው። ሌላው፣ ከሲዲው ጋር ያለው ጽሑፍ ስለ ማዳመጥ መንፈሳዊነት ሲነገር ከሚገባው በላይ የሚያከብድ መስሎ ይታየኛል፤ አንባቢ ሙዚቃውን ከሰማ በኋላ ቢያነበው ይሻላል።

የአደማመጡ ነገር በዚህ ሲዲ ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ወሳኝ ነው። በስልክ ድምፅ ማጉያ ብትከፍቱት ዲጄሪዱው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ሙዚቃው ያለ ወለል ይቀራል። በአውቶቡስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሞክሬዋለሁ፤ ሞተሩ ከሥር ያለውን ሁሉ በላው። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ዝርዝሩን በደንብ ያሳያል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ስፋት ጭንቅላት ውስጥ ስለሚያስገባው ማጠራቀሚያው ቅል ያክላል። የተሻለው በሁለት ደህና ማጉያዎች፣ መስኮትና በር ዘግቶ፣ ድምፁን ከልክ በላይ ሳይጨምሩ፣ ከሁለቱ እኩል ርቆ መቀመጥ ነው። ሸክላውን የምትመርጡ ብትኖሩ ምርጫው የራሳችሁ ነው፤ እኔ ግን በዚያ ረጅም ጸጥታ ውስጥ የመርፌውን ስንጥቅጥቅታ መስማት አልፈልግም። ስሙን የማልጠራው አንድ የኢንተርኔት ሙዚቃ አገልግሎት ላይ በነጻው አማራጭ የከፈትኩ ዕለት ደግሞ፣ «ሊር» እየከሰመ ሳለ የመጨረሻው ድምፅ በቅጡ ሳይጠፋ የመኪና መድን ማስታወቂያ እየጮኸ ገባ። ሌላ ዘፈን ቢሆን ሳቅ ብዬ አልፈው ነበር።

የምኖረው ሲያትል ስለሆነ ባለፈው መከር ቦታውን ለማየት ሄድኩ። በጀልባ ወደ ቤይንብሪጅ ተሻግሮ፣ የሁድ ካናልን ድልድይ አልፎ፣ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነው። ወደ ማጠራቀሚያው ውስጥ አልገባሁም፤ እላዩ ሣር ነው፤ የማያውቅ ሰው ሜዳ መስሎት ኳስ ሊጫወትበት ይችላል። ጉብታው ላይ ያሉት የመድፍ ምሽጎች ግን ለጎብኚ ክፍት ናቸው። ከአንደኛው ኮሪደር ገብቼ ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ ያለው ብርሃን ጠፋ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። አንዴ አጨበጨብኩ። ድምፁ ከፊቴ ሳይሆን ከጎኔ፣ ከዚያ ከላዬ ተነሥቶ ለጥቂት ሰከንዶች ቆየ። ከውስጥ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሲሳሳቁ ስሰማ ቅርብ መስለውኝ ነበር፤ ሳገኛቸው ግን ሁለት ክፍል ርቀው ነበር። ቤቴ ተመልሼ «ሊር»ን ስከፍተው የጎደለው ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አወቅሁ፤ የጎደለው ያ የቅርብና የሩቅ መምታታት ነው። የቀረው ሁሉ ሲዲው ላይ አለ።

ለማን ይሆናል ለሚል ሰው፦ ዜማ ያለው፣ አዝማች ያለው ሙዚቃ ለሚፈልግ አይሆንም፤ ቢገዛው ይቆጫል። ለማጥኛና ለእንቅልፍ የሚሆን የጀርባ ሙዚቃ ለሚፈልግም ብዙ ሰው ቢመክረውም እኔ አልመክርም፤ «ናይኪ» ያባንነዋል። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ፣ በየዕለቱ ሪቨርብ በቁልፍ የሚጨምር ወጣት ባለሙያ ግን አንድ ሰዓት ሰጥቶ ቢሰማው እጁ ከቁልፉ ላይ ትንሽ ይሰበሰባል የሚል ግምት አለኝ። መዘምራንና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚገጥሙ ሰዎችም ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

አንድ ተግባራዊ ምክር ልጨምር። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ፍሪጅ ሁሉ በዚያ ቁጥርና በእጥፉ ያጉረመርማል፤ ይህም ልክ ዲጄሪዱው የሚኖርበት ሠፈር ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ሊር» ውስጥ አራተኛ ሙዚቀኛ ያለ መስሎኝ ስፈልገው የነበረው ድምፅ የራሴ ፍሪጅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሲዲውን ከመክፈቴ በፊት ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ። ሲያልቅ መልሶ መሰካት እንዳይረሳ፤ እኔ አንድ ማታ ረስቼ ለፋሲካ የገዛሁትን ሥጋ ጥያለሁ።